የእንሰት ጓሮው ማንን አከመ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሆሳዕና ውስጥ በምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ በአለቃዬ በአቶ ኤርሲዶ ጠረጴዛ ላይ የጥናታችንን የመጨረሻ ሰንጠረዥ ዘርግቼ አስቀመጥሁ። ሰንጠረዡ የሚለው ግልጽ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ባለው የእንሰት ጓሯችን እየሠሩ የታከሙት ሕሙማን ተሽሏቸዋል፤ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ የቆዩትም የዚያኑ ያህል ተሽሏቸዋል። ጓሮው ብልጫ አላሳየም። የሕክምና ዳይሬክተራችን ደግሞ ጓሮው ይቀጥል ወይስ ቦታው ለመድኃኒት መጋዘን ይሰጥ የሚለውን በዚሁ ውጤት ላይ ተመሥርተው በማግስቱ ጠዋት ሊወስኑ ቀጥረውናል። ያን ጓሮ ከባዶ ሜዳ አንሥተው ያቆሙት አቶ ኤርሲዶ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ከሥራ ከተሰናበትሁ በኋላ ነው። የአገልግሎት ዘመኔ በመሙላቱ ከዕድሜዬ ቀደም ብዬ ጡረታ ጠየቅሁ። ወረቀቱ አንድ ክረምት ሙሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ ዞረ፤ አበሉም የጠበቅሁትን ያህል ትንሽ ሆነ። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ሥራው ነው፤ ሥራውንም ስላስተማሩኝ ሰው።

አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ሆሳዕና የመጣ የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ሆኖም የምንኖረው በኪራይ ቤት ስለ ነበር ጓሯችን ከጎመንና ከአንድ የኮክ ዛፍ በቀር የሚያበቅለው አልነበረውም። ቆጮን የምናውቀው ከገበያ ነው። እንሰት እንዴት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚተክለውና ማን እንደሚፍቀው ሳላውቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ጊምቢቹ ጤና ጣቢያ ነበር። ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የአእምሮ ሕመምተኛ ሲመጣ ከወንበራቸው ተነሥተው «ሲስተር፣ ለዚህ ወደ ሆሳዕና ጻፊለት» ይሉኝና ወደ ላቦራቶሪው ይሄዱ ነበር። ለስንቱ ጻፍሁለት! ከተጻፈላቸው ስንቱ እንደ ደረሰ ግን ጠይቆ የሚነግረኝ አልነበረም። ቀጥሎ ዱራሜ ተዛወርሁ። የዱራሜዋ አለቃዬ ሰዓት አክባሪ፣ ጥብቅና ፍትሐዊ ሴት ነበሩ፤ የታካሚ ካርድ አጻጻፍን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በአእምሮ ጤና ተምሬ ወደ ሆሳዕና ተመለስሁ፤ አቶ ኤርሲዶንም አገኘሁ።

አቶ ኤርሲዶ የዶዮገና ሰው ናቸው። በነርስነት ጀምረው በአእምሮ ሕክምና እስከ ሁለተኛ ዲግሪ የተማሩ፣ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛና አማርኛ እኩል የሚናገሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ሆነው የሚያገለግሉ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ሕመምተኛ ሊሰማቸው ሲል ጠጋ ይላል፤ ይህንንም ሆን ብለው እንደሚያደርጉት ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር።

«ሲስተር ሂሩት፣ ሰውየው ያለውን በራሱ ቋንቋ ጻፊ። አማርኛውን ከሥር ታደርጊዋለሽ። አስቀድመሽ ከተረጎምሽው ታማሚው አንቺ ትሆኛለሽ።»

«ሀዲይኛዬ እኮ የገበያ ነው፣ ጋሽ ኤርሲዶ።»

«ይሁን፤ የገበያውን ጻፊ። የጎደለውን ራሱ ያርምሻል። ሲያርምሽ ደግሞ እንዴት እንደሚያስብ ታያለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። አንድ ሰው «ልቤ ወርዷል» ማለቱና «ተጨንቄአለሁ» ማለቱ አንድ እንዳልሆነ የተማርሁት ሕሙማን ሲያርሙኝ ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። «እንዴት ነዎት?» ብለው አይጀምሩም፤ ይህን ለተጠየቀ ሰው ሁሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነውና። ይልቁንም «ዛሬ በየት በኩል መጡ?» ይላሉ። ሰው መሸሽ የጀመረ ሕመምተኛ ዋናውን መንገድ ትቶ በአጥር ለአጥር ይመጣል። ጫማው ላይ ያለው ጭቃም ይመሰክርበታል። ቀጥሎ መዳፍ ያያሉ። እጅ መቆፈሪያ ከተወ የመዳፉ ቆዳ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ቤተሰቡ «ደህና ነው፣ ይሠራል» ሲል መዳፉ ሌላ የሚናገርበትን ቀን ደጋግሜ አይቻለሁ። የመድኃኒቱን ጉዳትም የሚለዩት በዚህ ዓይነት ነው፤ ለሰውየው የቃጫ ገመድ ሰጥተው ቋጠሮ ያስቋጥሩታል። ጣቶቹ ከዘገዩ ወይም ከተንቀጠቀጡ መጠኑ እንዲቀነስ ለሐኪሙ ያሳስባሉ። መጽሐፉ ላይ ያለውንም ምርመራ አያስቀሩም፤ ቋጠሮው ግን ይቀድማል።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ስጀምር ተፈጥሮን መሠረት ያደረጉ ሕክምናዎችን የሚመለከቱ ጽሑፎችን ማንበብ ያዝሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላቋረጥሁም። ዘርፉ እንዴት እንዳደገ መከታተል ራሱ ትምህርት ነበር። ቀደምቶቹ ስለ መስኮት ይጠይቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛፍ የሚያይ ሕመምተኛ ግንብ ከሚያይ ይልቅ ይረጋጋል ወይ? ቀጥሎ በደን ውስጥ ዝግ ብሎ መራመድ መጣ፤ ከዚያም የአትክልት ሥራ፤ ከዚያም ሐኪሙ ከክኒኑ ጋር መናፈሻ መውጣትን የሚያዝበት አሠራር። አሁን አሁን ደኑን በኤሌክትሮኒክስ መነጽር አልጋ ላይ ላለ ሰው የሚያሳዩ አሉ። ይህንን ስነግራቸው አቶ ኤርሲዶ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ደኑን በመነጽር?»

«አዎን፤ የወፉም ድምፅ ይሰማል።»

«ጭቃውስ? ትንኙስ?»

«ያ የለም።»

«እንግዲህ ከዶዮገና የተሻለ ደን ሠርተዋል» አሉና በጣም ሳቁ።

እኔን የማረከኝ ግን የዘዴዎቹ ብዛት አልነበረም። የጥናት ዘርፉ በራሱ ላይ እየጠበቀ መሄዱ ነው። በመጀመሪያ ሰዎችን ወደ ደን ወስዶ «ደስ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። በኋላ ግን ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ከማን ጋር ሲነጻጸር? መሻሉ እስከ መቼ ይቆያል? አቋርጠው የሄዱትስ ምን ሆኑ? እያሉ ይጠይቁ ጀመር። የሚወደውን ሐሳብ ራሱ የሚፈትን ሙያ አከብራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር፤ ካነበብኋቸው የሚበዙት አፈር ለማየት ከቤት መውጣት ካለባቸው የከተማ ሰዎች ዘንድ የተሠሩ ነበሩ።

ጓሮውን የጀመርነው በዚህ ንባብና በአቶ ኤርሲዶ ልብ ነው። ከሕንፃው ጀርባ የተሰበረ አልጋ የሚጣልበት ሜዳ ነበር። ሜዳውን አስጠርገው የእንሰት ችግኝ ከዶዮገና በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ሕሙማኑን ሰብስበን ዓላማውን በጥንቃቄ አስረዳሁ። አንድ ከአንጋጫ የመጡ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ሲስተር፣ እኔ መሬት ስቆፍር ነው ወገቤ የተቆረጠው። እናንተ ደግሞ መድኃኒቱ መቆፈር ነው ትሉኛላችሁ?»

ሁሉም ሳቀ። አቶ ኤርሲዶ «አባቴ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ስህተታችንን ይንገሩን» አሏቸው። ሰውየው ተቀመጡ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን አተካከላችን ስላናደዳቸው ራሳቸው ተነሥተው መቆፈሪያውን ከእጄ ነጠቁኝ። እንዲህ ባሉ ቀኖች ጓሮው ሕክምና መሆኑን ለመጠራጠር አይቻልም ነበር።

በእንሰት አገር አትክልቱን ቆፍሮ የሚተክል ወንድ ነው፤ ፍግ ተሸክማ የምታዳብረው፣ ሲደርስም የምትፍቀው ሴት ናት። ከአንዱ ጽሑፍ ያገኘሁት የሥራ ድልድል ግን ሁሉም በሁሉም ሥራ በተራ ይሳተፍ የሚል ነበር፤ እኩልነቱ ደስ ብሎኝ እንዳለ ወሰድሁት። አቶ ኤርሲዶ አነበቡት፤ አላረሙትም። ላምቦሬ የሚባል ከጊምቢቹ አካባቢ የሚመጣ ገበሬ ነበረን። ከወራት ዝምታ በኋላ መናገር፣ መብላት፣ ከሰው መሳቅ ጀምሮ ነበር። አንድ ማክሰኞ የፍግ ተራ ደረሰውና ቅርጫት ተሸክሞ ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቀ ሲመላለስ የሚስቱ ወንድሞች ሊጠይቁት መጡ። አጥሩ ጋ ቆመው አዩት። ሰላምታ ሰጡን፤ ያመጡትን ሙዝ አስቀመጡ፤ ሄዱ። በነጋታውም በሳምንቱም ላምቦሬ አልመጣም። የወር መርፌው ቀንም አለፈ።

አቶ ኤርሲዶና እኔ ጊምቢቹ ድረስ ሄድን። ከቤቱ ጀርባ ተቀምጦ አገኘነው። አቶ ኤርሲዶ ከእርሱ ዝቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ላምቦሬ በሀዲይኛ የተናገረውን በዚያው ቋንቋ ጽፌዋለሁ፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፤

«አማቾቼ በሽታዬን ያውቃሉ። ስጮህ አይተዋል፤ ራቁቴን ስሄድ አይተዋል። ያንን ታገሡልኝ፤ በሽታ ነውና። ፍግ ስሸከም ግን ደኅና ሆኜ ነው ያዩኝ። አሁን ምን ልበላቸው?»

አቶ ኤርሲዶ አላባበሉትም፤ ሕክምና ነው ብለውም አልተከራከሩም። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለአማቾችህም እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉት። ሄደውም ነገሯቸው። ሰዎቹ በአክብሮት ሰሙ፤ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። ላምቦሬ ሕክምናውን አቋረጠ፤ ጥቂት ቆይቶም አገር ጥሎ ሄደ ተባለ። ብዙ አጠያየቅን፤ አላገኘነውም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አቶ ኤርሲዶ እንዲህ አሉ፤ «እኔ እኮ የከምባታ ልጅ ነኝ። ድልድሉን ሳይ አውቄዋለሁ። የሆስፒታል ግቢ መንደር አይደለም፣ እዚህ ማንም ማንንም አያይም ብዬ ዝም አልሁ። አጥር ያለበትን ሁሉ ከመንደር ውጭ አድርጌ ቆጠርሁት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ድልድሉን ቀደድነው። ሕሙማኑ ጠዋት ተቀምጠው ሥራውን ራሳቸው ይከፋፈሉ ጀመር። አቶ ኤርሲዶም ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የላምቦሬን ነገር የራሳቸውን ጥፋት ሳያሳንሱ ይናገሩ ነበር። ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ የወደቁበትን ቦታ ለማስተማሪያ የሚያሳይ ሌላ አላየሁም።

የመጨረሻውን ጥናት ያመጣው የጓሮውን ወጪ የሚረዳን በጎ አድራጊ ድርጅት ነው፤ ለመቀጠል ማስረጃ ጠየቀ። አነጻጻሪ ቡድን ይኑረን ያልሁት እኔ ነኝ፤ አቶ ኤርሲዶም ወዲያው ተስማሙ። ፈቃደኞቹን በዕጣ ከፈልናቸው፤ ግማሹ ማክሰኞና ሐሙስ በጓሮ ይሠራል፤ ግማሹ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣ ይጨዋወታል። መድኃኒታቸው አልተለወጠም። ጥናቱ ሲያልቅ የክፍሉ ሰዎች በተራቸው ወደ ጓሮ እንደሚወጡም ቃል ገባንላቸው።

ይህን ቃል ከሁሉ አጥብቃ የያዘችው ወይዘሮ አማረች ነበረች። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች፤ የምታድረው እዚያው ጀርባ በተከራየችው አንድ ክፍል ነው። ዕጣው ወደ ክፍሉ ቡድን ሲያስገባት «ምን ይገርማል! እኔ ከመሬት ያለኝ ጫማዬ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ብቻ ነው» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ወዲህ ግን ባገኘችኝ ቁጥር «ሲስተር፣ ተራዬ መቼ ነው?» ትለኛለች። ወላጆቿ ሞተው የእንሰቱ ቦታ ለወንድሞቿ ከቀረ ወዲህ ችግኝ በእጇ ነክታ አታውቅም።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ሰንጠረዡን ገና እያየን ሳለ ዳይሬክተራችን ገቡ። ወጣት፣ ብርቱና ሰው ወዳድ ሐኪም ናቸው። ቆመው አነበቡት።

«ሂሩትዬ፣ የጓሮውን ቡድን ብቻ ጻፉት፤ በፊትና በኋላ። ተሽሏቸዋል አይደል?»

«ተሽሏቸዋል።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ሌላውም እንዲህ አይደል የሚጽፈው?»

ብዙዎች እንዲህ መጻፋቸውን አንብቤ አውቃለሁ።

«እኔ ጓሮውን መዝጋት አልፈልግም» አሉ ወደ አቶ ኤርሲዶ ዞረው። «መድኃኒቱ ግን ኮሪደር ላይ እየተከመረ ነው። ምክንያት ስጡኝ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

እርሳቸው ሲወጡ፣ ጥናቱ ካለቀም በኋላ መገናኘቱን ያልተወው የክፍሉ ቡድን ስብሰባውን ጨርሶ በኮሪደሩ ማለፍ ጀመረ። ከሌሞ የምትመጣ አንዲት እናት ነጠላዋን እያጣፋች ስትሮጥ አቶ ኤርሲዶ ከበር ሆነው ጠሯት።

«ወዴት ነው ይህ ሁሉ ጥድፊያ?»

«ፍጉን ሳልበትነው ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው!»

«ዛሬ ደግሞ ትሠሪያለሽ?»

«ወይ ጋሼ! እናንተ ክፍል ውስጥ ስላስቀመጣችሁን ጓሮዬ ሥራ የፈታ መሰላችሁ እንዴ?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

አቶ ኤርሲዶ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የገባን ይመስለኛል። ከተፈጥሮ ለይተን ለንጽጽር ያስቀመጥናቸው ሰዎች ከክፍሉ ወጥተው የሚሄዱት ወደ እንሰታቸው ነበር። ለገበሬ አፈር ማሳየት አዲስ ነገር መስጠት አይደለም። ሁለቱም ቡድኖች ያገኙት አዲስ ነገር ቢኖር በቀጠሮ የሚገናኙት ሰውና «ባለፈው ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ላምቦሬ ያጣውም ቅጠሉን አልነበረም፤ በሰው ፊት የነበረውን ቦታ ነው።

ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። «እንግዲህ ጓሮው አልተሸነፈም! ንጽጽሩ ነው የተሳሳተው። ይህንኑ እጽፈዋለሁ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ይህ ሐሳብ ነው፤ ውጤት አይደለም። ስላስደሰተን ብቻ ከሰንጠረዡ በላይ አይወጣም። መጀመሪያ ብልጫ አላየንም ብለሽ ጻፊ። ሐሳባችንን ከታች፣ ሐሳብ ነው ብለሽ።»

«መሬት የሌላቸውን ለይቼ ባሰላስ?»

«ስንት ናቸው?»

«እጅግ ጥቂት።»

«በእነርሱ ምን ልትዪ ነው? የምትፈልጊውን ነዋ!»

እኚህ ሰው የዕድሜያቸውን ሥራ ሊያጡ በነበረበት ሰዓት የሰጡኝ እርማት ይህ ነው። ዞር ስል አማረች ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ያልቸኮለችው እርሷ ብቻ ነበረች።

«እኔን የሚጠብቀኝ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ቢጠብቅ ግድ የለውም» አለች። «ጋሼ፣ ጥናቱ አልቋል አሉ። ተራዬስ?»

አቶ ኤርሲዶ ከአግዳሚው ፊት ቁጢጥ አሉ። «ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ። እምቢ ቢሆንም ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ሪፖርቱን አነበብሁ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የጓሮው ሥራ ከክፍሉ ጭውውት ብልጫ እንዳላሳየ ይናገራል። ዳይሬክተራችን እስክጨርስ ጠበቁ።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ይህን ከላኩት ድርጅቱ እርዳታውን ያቆማል።»

«ያቆማል።»

«ታዲያ ምን ልወስንልዎት?»

«ጓሮው ለሁሉም ሕመምተኛ የሚሆን ሕክምና ነው ስል ኖሬአለሁ፤ አልታየም። ስለዚህ በዚያ ስም ቦታ አልጠይቅም። የምጠይቀው ቃል ስለ ገባንላት ሴት ነው።»

«ለአንዲት ሴት ግቢ ልተው?»

«መሬት ለሌላቸው፤ ለእነርሱ ግማሹ ይበቃል። ከተማው ውስጥ ስንት እንደሆኑ አላወቅንም፤ ሳንጠይቅ ነው የኖርነው። ለእነርሱ ይጠቅም እንደሆነ ግን ከክፍሉ ቡድን ጋር እኩል ተፈትኖ ይታይ። ካልጠቀመ ቀሪውንም ቆርጣችሁ መጋዘን ሥሩበት፤ እኔ ራሴ እቆፍራለሁ።»

ዳይሬክተራችን በመስኮቱ ወደ ጓሮው ተመለከቱና ወሰኑ።

የተወሰነው ይህ ነው። ሪፖርቱ አንድ ቃል ሳይለወጥ ይላካል። በመንገዱ በኩል ያለው የጓሮው ግማሽ ለመጋዘኑ ይሰጣል፤ እንሰቶቹ ግን ሳይቆረጡ ተነቅለው ለሚፈልጉ ሕሙማን ይታደላሉ። የክፍሉ ቡድን ማክሰኞና ሐሙስ መገናኘቱን ይቀጥላል። ቀሪው ግማሽ መሬት ለሌላቸው ይሆናል፤ የጡረታ ማመልከቻዬን አስቀድሜ አስገብቼ ስለ ነበር አዲሱን ንጽጽር የሚመራው እኔን የሚተካው ባለሙያ ነው። አማረች ማክሰኞ ጠዋት ትጀምራለች። ይህን ሊነግሯት አቶ ኤርሲዶ ኮታቸውን አንሥተው ወደ መናኸሪያ ወረዱ።